ስለ ጥቁር ቀለምና ስለ ፎቶግራፍ ዕድሜ



ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ በዛሬው የቀለም ማተሚያ ሲታተም ዕድሜው በምን እንደሚረዝም፣ ቀለሙንም ባለሙያው ራሱ ቢቀምመው ወይም አንዱን በሌላው ቢተካው ምን እንደሚያተርፍና ምን እንደሚያጣ በዚህ በደብረ ማርቆስ አዳራሽ እንድናገር ጋብዛችሁኛል። ነገሩ የማሽን ነጋዴ ወሬ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ ወደ ምሥራቅ ዲማ ጊዮርጊስን፣ ደብረ ወርቅንና መርጡለ ማርያምን፣ ወደ ምዕራብም ደብረ ኤልያስን ያስብ፤ እንደ እነዚህ ባሉ አድባራት የኖሩ ጸሐፍት ጥቁር ቀለም ከምን እንደሚቀመም፣ ስንት ጊዜ መቆየት እንዳለበትና በምን ያህል ውሃ እንደሚቀጥን ያወቁት፣ ዛሬ በየፎቶ ቤታችን የምናየው ማተሚያ በማንም ሕሊና ሳይታሰብ ነው።

የንግግሬ አሳብ አንድ ነው፤ እየደጋገምሁ ብናገረው እንዳትሰለቹ እለምናችኋለሁ። ለዘመን እንዲቆይ የምንፈልገው የጥቁርና ነጭ ሥዕል ግራጫው ከጥቁሩ ቀጥኖ ይውጣ እንጂ ከሦስት ኅብራት ድምር አይውጣ፤ ጥቁሩም የጥላሸት፣ ማለት የካርበን ጥቁር ይሁን። ይህን ለማስረዳት በመጀመሪያ ስለ ጥቁር ቀለም ባሕርይ፣ ቀጥሎ ቀለምን ስለ ማቅጠን፣ ከዚያም ስለ መተካት እናገራለሁ፤ ስለ አገራችን አየርና ስለ መብራታችንም ጥቂት የምለው አለኝ።

ሁላችሁም ከምታውቁት ነገር ልጀምር። አንዲት እናት ከሞተ ወንድሟ መታወቂያ ላይ የተላጠ ጉርድ ፎቶ በመሐረብ ጠቅልላ ወደ ፎቶ ቤት ትመጣለች፤ የሙት ዓመቱ ደርሷልና ጎልቶ፣ ጸድቶ፣ በፍሬም ሆኖ እንዲሰጣት ትጠይቃለች። ባለሙያው በስካነር ይቀዳዋል፣ የተሰነጠቀውን ይጠግናል፣ ፊቱን ያበራል፤ ሥራውም የሚያስመሰግን ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን ያንን ጥቁርና ነጭ ሥዕል ስድስት የኅብር ጋኖች ባሉት ማተሚያ ላይ ያትመዋል። ማተሚያውም ግራጫ የሚባል ቀለም በጋኖቹ ውስጥ ስለሌለው፣ ሰማያዊውንና ሐምራዊውን ከቢጫው ጋር በጥቃቅን ነጠብጣብ አደባልቆ፣ ዓይናችን ግራጫ ነው ብሎ እንዲቀበለው ያደርጋል። በሱቁ የሸንበቆ አምፖል ሥር ሲያዩት ወደ አረንጓዴ ያዘነበለው ሥዕል፣ በረንዳ ላይ ሲያወጡት ወደ ቀይ ያዘነብላል። ይህ የባለሙያው ጥፋት አይደለም፤ በሦስት ኅብራት የተሠራ ግራጫ ብርሃኑ በተለወጠ ቍጥር መልኩን ይለውጣልና ነው።

የከፋው ግን የሚመጣው ቆይቶ ነው። ሦስቱ ኅብራት በአንድነት አያረጁም፤ አንዱ ቀድሞ ይሸሻል፣ ሁለቱ ይቀራሉ፤ ያን ጊዜ የሟቹ ፊት ብርቱካንማ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ኅብረ ብዙ ፎቶግራፍ ጥቂት ቢለወጥ ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ የቀሚስ ቀለም ስንት ዓይነት ነውና። በግራጫ ላይ የደረሰ ለውጥ ግን ለሕፃንም የተገለጠ ነው።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 ዘፋኙ ግራሃም ናሽ ከባልደረባው ጋር በካሊፎርንያ ባቋቋመው የፎቶግራፍ ማተሚያ ቤት፣ አይሪስ በሚባለው ውድ ማተሚያ የወጡት የመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች ዓይን የሚያስፈዝ ውበት ነበራቸው፤ ቀለማቸው ግን በውሃ የሚሟሟ ስለ ነበር ብርሃንን አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ2000ም ኤፕሰን ያወጣቸው አንዳንድ የፎቶ ማተሚያዎች በአንጸባራቂ ወረቀት ላይ ያወጧቸው ሥዕሎች በጥቂት ጊዜ ውስጥ ብርቱካንማ እየሆኑ ደንበኛውን ሁሉ አስጮኹ፤ ሰማያዊውን ቀለም የበላው በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን የሚባል ጋዝ ሆኖ ተገኘ። ይህን የመሰለ ጩኸት ታላላቆቹ ፋብሪካዎች ስለ ቀለም ዕድሜ ይበልጥ እንዲያስቡ አድርጓቸዋል።

እንግዲህ ወደ ጥቁሩ ባሕርይ እንግባ።

የማተሚያ ቀለም ሁለት ወገን ነው። አንደኛው ዳይ የሚባለው ነው፤ ይህ በውሃ ውስጥ ፈጽሞ የሚሟሟ፣ ወደ ወረቀቱም ሠርጎ የሚገባ፣ ደማቅና ርካሽ ቀለም ነው። ሁለተኛው ፒግመንት ነው፤ ይህ አይሟሟም፣ እጅግ ደቃቅ ሆኖ በውሃ ውስጥ ይንሳፈፋል፣ በወረቀቱም ላይ ይቀመጣል። ሟሚው በየነጠላው ተበታትኖ ስለሚገኝ ብርሃንና ኦዞን አንድ በአንድ ያገኙታል፤ ፒግመንቱ ግን በእንክብሉ ውስጥ ብዙ ሆኖ ስለ ተከማቸ የውጭው ቢጎዳ የውስጡ ይተርፋል። ከፒግመንትም ሁሉ በብርሃን ፊት እጅግ የጸናው ካርበን ነው። ካርበን አንድ ጊዜ በእሳት ያለፈ ነውና የፀሐይ ብርሃን ከእርሱ የሚወስደው ብዙ ነገር የለም።

እዚህ ላይ ነው የአባቶቻችን ነገር የሚነሣው። የእኛ ጸሐፍት ጥቁር ቀለም በአብዛኛው ጥላሸት ነው፤ ከድስትና ከምጣድ ሥር የተፋቀው ጥቀርሻ በደንብ ይደቆሳል፣ የግራር ሙጫ ይገባበታል፣ ገብስ ወይም ሌላ እህል ተቆልቶ ውሃው ይጨመርበታል፣ ለወራትም እየታሸ እንዲበስል ይተዋል፤ ከዚያ በቀንድ ተደርጎ በመቃ ብዕር ብራና ላይ ይወርዳል። ጥላሸቱ ጥቁረቱን ይሰጣል፣ ሙጫው ከብራናው ጋር ያጣብቀዋል፣ ውሃው ያስኬደዋል። ዛሬ በጠርሙስ የሚሸጠውን የካርበን ማተሚያ ቀለም ብትመረምሩ የምታገኙት ይህንኑ ሥርዓት ነው፤ በሙጫው ፈንታ ሬዚን የሚባል የፋብሪካ ሙጫ፣ በገብሱ ውሃ ፈንታ ግሊሰሪን ገብቶበታል። አውሮፓውያን በመካከለኛው ዘመን ብዙ የጻፉበት የብረት ቀለም ውሎ አድሮ ወረቀቱን እየበላ ፊደሉን ወንፊት ሲያደርገው፣ የጥላሸቱ ቀለም ግን ብራናውን አልበላም። ጠላቱ እርጥበት ነው፤ ሙጫው በውሃ ይለቃልና፣ ጣሪያው ባፈሰሰ ዕቃ ቤት የተቀመጠ መጽሐፍ ፊደሉ ሲዝረከረክ ያያችሁ ትኖራላችሁ።

ከመካከላችሁ አንዱ፣ እንግዲያውስ የደብተራውን ቀለም በማተሚያው ጋን ውስጥ ለምን አንጨምረውም ይል ይሆናል። አይቻልም፤ ወዳጄ፣ ማተሚያህን ትቀብራለህ! የማተሚያው አፍ ከራስ ጠጕር ውፍረት በእጅጉ የሚያንስ ቀዳዳ ነው፤ በእጅ የተደቆሰ ጥላሸት የቱን ያህል ቢልም ለዚያ ቀዳዳ ድንጋይ ነው፣ ሙጫውም በአንድ ሌሊት ይደርቅበታል። ከአባቶች የምንወስደው ሥርዓቱን ነው፤ ጥቁሩ ካርበን እንዲሆን፣ መጠኑ በልክ እንዲሆን፣ በቀንዱ ውስጥ ምን እንዳለ ጸሐፊው ራሱ የሚያውቅ እንዲሆን።

ሁለተኛው ነገሬ ስለ ማቅጠን ነው፤ የምሽቱም ዋና ጉዳይ ይኸው ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት።

ጥቁር ቀለም ብቻ ባለው ማተሚያ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ማተም ይቻላል፤ ብዙዎችም እንዲህ ያደርጋሉ። ጥቁረቱ በበዛበት ስፍራ ነጠብጣቡ ይበዛል፣ ብርሃን ባለበት ስፍራ ይሳሳል። ሥራው ቀላል ነው፣ ወጪውም ትንሽ ነው፣ በትልቅ ሥዕልም ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ችግሩ ብርሃኑ ላይ ነው፤ በግንባር ላይ፣ በነጭ ነጠላ ላይ፣ በሰማይ ላይ ጥቁሩ ነጠብጣብ ተራርቆ ስለሚወድቅ እንደ ሽርክት በርበሬ ይታያል። ይህን ለማስወገድ ከአንዱ ጥቁር ሌሎች ግራጫዎችን ማውጣት ያስፈልጋል፤ ብርሃን ባለበት ስፍራ ጥቁሩን አራርቆ ከመበተን፣ ስስ ግራጫውን አቀራርቦ መጣል ሥዕሉን የለሰለሰ ያደርገዋል።

አቀጣጠኑን ከቡና የተሻለ የሚያስረዳልን የለም። አቦሉ ጽኑ ነው፤ በዚያው አተላ ላይ ውሃ ሲጨመር ቶናው ይወጣል፣ ሌላ ውሃ ሲጨመር በረካው ይከተላል፤ ሦስቱም አንድ ቡና ናቸው፣ የሚለያዩት በጽናት ነው። እንዲሁ ደግሞ የካርበኑን ጥቁር እንዳለ ለመጀመሪያው ጋን እናደርጋለን፤ ከእርሱ 30 ሚሊ ሊትር ወስደን 70 ሚሊ ሊትር ማቅጠኛ ስንጨምርበት መቶ እጁ 30 የሆነ ግራጫ እናገኛለን፤ ከዚህም ከሁለተኛው 30 ሚሊ ሊትር ወስደን እንደ ገና 70 ሚሊ ሊትር ማቅጠኛ ብንጨምር መቶ እጁ 9 የሆነ ስስ ግራጫ ይወጣል። ከጨለማ እስከ ብርሃን ያለውን መንገድ በሦስት ጋን ሸፈንነው ማለት ነው። ስድስት ጋን ያለው ማተሚያ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ደረጃ ይችላል፤ እጅግ ስሱን ግራጫ ከመቶ ሁለት ሦስት እጅ ድረስ ማውረድ ይቻላል። መለኪያው መርፌ የሌለው የሕክምና ሲሪንጅ ይሁን፤ በዓይን ግምት አይሆንም፣ ዛሬ የወጣው ግራጫ በሚመጣው ወር ካልተደገመ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

ማቅጠኛው ምንድን ነው? ተራ ውሃ አይሁን። የቧንቧችን ውሃ ጨውና ኖራ አለበት፣ በቀዳዳው ውስጥ ይጋገራል። የተጣራ ውሃ በየነዳጅ ማደያው የባትሪ ውሃ ተብሎ የሚሸጠው ነው፤ ነገር ግን በአጠገቡ አሲዱም ስለሚሸጥ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አንብባችሁ ግዙ። ንጹሕ ውሃ ብቻውን ግን ፈጥኖ ይደርቃል፣ በወረቀቱም ላይ አይዘረጋም፤ ስለዚህ እንዳይደርቅ ግሊሰሪን፣ እንዲዘረጋም ጥቂት የማርጠቢያ ፈሳሽ ይገባበታል። በጨለማ ክፍል የሠራችሁ አረጋውያን ፊልም ካጠባችሁ በኋላ የውሃ ጠብታ እንዳይቀርበት ትነክሩበት የነበረውን ፎቶ ፍሎ ታስታውሳላችሁ፤ እርሱ ራሱ ለዚህ አገልግሎት ውሏል። ፖል ሮርክ የሚባል አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ኢቦኒ የተባለውን የካርበን ጥቁር በእንዲህ ያለ ማቅጠኛ እያሳሳ ስድስት ደረጃ የሚያወጣበትን ቅመም ለማንም በነጻ አሳውቋል፤ ነጋዴ ምሥጢሩን በሚሸሽግበት ዘመን ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ከእርሱ በፊት ደግሞ ጆን ኮን የተባለው የቬርሞንት አታሚ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ፒየዞግራፊ በሚል ስም የግራጫ ቀለሞችን ለተራው ባለማተሚያ አቅርቦ ነበር፤ በኋላም ደረጃዎቹን እስከ ሰባት አድርሷቸዋል። ኤፕሰንም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2005 ሦስት ደረጃ ያላቸው ጥቁሮች የሚይዝ ማተሚያ አወጣ። ፋብሪካው ባለሙያዎቹን ተከተለ ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

አሁን አንድ ጥንቃቄ። የሰማያዊውን ጋን ባዶ አድርጋችሁ ግራጫ ብትሞሉበት፣ ማተሚያው ይህን አያውቅም፤ ሰማያዊ የያዘ እየመሰለው በሰማያዊ ሥርዓት ይረጨዋል፣ የሚወጣውም ሥዕል የታመመ ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱን ጋን ለየብቻው የሚያዝዝ ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ በዚህ ሥራ ላይ ባሉ ሰዎች ዘንድ የታወቀው ሮይ ሃሪንግተን የሠራው ኳድቶን ሪፕ ነው። ሁሉን ማተሚያ አይገዛም፤ ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት የእናንተን ማተሚያ የሚያውቅ መሆኑን አረጋግጡ። ፕሮግራሙ ከተገኘ በኋላ ከነጭ እስከ ጥቁር 21 ደረጃ ያለው መሰላል አትማችሁ፣ ከደረቀ በኋላ ትለኩታላችሁ፤ ውድ መለኪያ የሌለው ሰው በስካነር ሊለካው ይችላል። አንዱ ደረጃ ከሚቀጥለው ጋር ካልተለየ፣ ወይም በመካከል ዘሎ ከሄደ፣ መጠኑን እያስተካከላችሁ እንደ ገና ታትማላችሁ። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ቅኔ ቤት ሌሊቱን ሙሉ ያደረ ሰው ግን ይህን መሰልቸት ብሎ አይጠራውም።

ካርበን ሲቀጥን የሚያሳየውን መልክም ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የሚደነግጠው በዚህ ላይ ነውና። ጽኑው ጥቁር ጥቁር ሆኖ ሳለ፣ የቀጠነው ግራጫ ወደ ቡናማ ያዘነብላል። ምክንያቱ የካርበኑ እንክብል እጅግ ደቃቅ ከመሆኑ የተነሣ ከብርሃኑ ሰማያዊውን ወገን አብዝቶ ስለሚውጥና ቀዩን ስለሚያሳልፍ ነው። ይህን ለማስታረቅ ጥቂት ሰማያዊ ፒግመንት ጨምረው ግራጫውን ገለልተኛ የሚያደርጉ አሉ፤ ሥዕሉ ሲወጣ በእውነት ያምራል፤ ነገር ግን ያ ሰማያዊ ከካርበኑ ቀድሞ የሚያረጅ ስለሆነ ሥዕሉ በሸሸው መጠን ወደ ቡናማነቱ ይመለሳል። በመካከሉ ግን አንዱ ወገን ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ እየተለወጠ ዥንጉርጉር ያደርገዋል። እኔን ብትጠይቁኝ ቡናማውን እንዳለ ተቀበሉት እላለሁ። የዐፄ ቴዎድሮስን ልጅ ልዑል ዓለማየሁን እ.ኤ.አ. በ1868 በእንግሊዝ አገር ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ያነሣችው ሥዕል፣ በእንቁላል ነጭ በተቀባ ወረቀት ላይ የታተመ፣ ቡናማ ነው፤ እስከ ዛሬም ማንም ይህን ነቀፋ አድርጎ አላነሣበትም። በምኒልክ ቤተ መንግሥት የሠራውን የፎቶግራፍ አንሺውን የቤድሮስ ቦያጂያንንና በኋላም የልጆቹን የሃይጋዝንና የቶኒን ሥራዎች በመልካቸው ሙቀት እንወዳቸዋለን እንጂ ቀዝቃዛ ግራጫ አልሆኑም ብለን አንነቅፋቸውም። ለእኛ ለጠይሞችና ለቀይ ዳማዎች ደግሞ ይህ ሙቀት ፊትን ሕያው ያደርጋል፤ ቀዝቃዛው ግራጫ የአመድ መልክ ይሰጠናል።

ሦስተኛው ነገሬ ስለ መተካት ነው። በገበያ ላይ ስሙ ያልተጻፈበት፣ ወይም "ለሁሉም ማተሚያ የሚሆን" የሚል ብቻ የተጻፈበት ጠርሙስ ሞልቷል። በርካሽነቱ አልፈርድም፤ ርካሽ ሆኖ መልካም የሆነ ቀለም አለ። የምፈርደው በውስጡ ያለው ዳይ ይሁን ፒግመንት ሻጩም ገዢውም ሳያውቁት ጋን ውስጥ በመፍሰሱ ነው። በየከተማችን ፎቶ ቤቶች የምናያቸው እንደ ኤፕሰን ኤል805ና ኤል1800 ያሉት ስድስት ጋን ያላቸው ማተሚያዎች የተሠሩት ለዳይ ነው፤ በእነርሱ ውስጥ ፒግመንት ማድረግ በባለሙያው ኃላፊነት እንጂ በፋብሪካው ዋስትና አይደለም። ሆኖም የኤፕሰን ማተሚያ ቀለሙን የሚገፋው በማፍላት ሳይሆን በኤሌክትሪክ በሚንቀጠቀጥ ክሪስታል ስለሆነ፣ ልዩ ልዩ ቀለም በመቀበል ረገድ በሙቀት ከሚሠሩት ይልቅ ታጋሽ ነው፤ ቀለም የሚቀምሙ ሰዎች አብዝተው የያዙት በዚህ ምክንያት ነው።

በመተካት ረገድ አጥብቄ የምለምናችሁ፣ ዳይንና ፒግመንትን በአንድ ጋን አታገናኙ። የተንሳፈፈው ደቃቅ ከሟሚው ጋር ሲገናኝ ይረጋል፣ ይቋጠራል፣ ቀዳዳውን ይደፍናል። የድሮውን ጋን አጥባችሁ፣ ቱቦውን በማጠቢያ ፈሳሽ አስለቅቃችሁ፣ የሚወጣው ፈሳሽ ጠርቶ እስኪታይ ቆይታችሁ ከዚያ ሙሉት። ከሁሉም የሚሻለው፣ አቅም የፈቀደለት ሰው አንድ አሮጌ ማተሚያ ለጥቁርና ነጭ ብቻ ቢለየው ነው፤ ያን ጊዜ የጉርዱና የሠርጉ ሥራ አይታወክም።

ወረቀቱም ምትክ አይወድም። ማት ለሚባለው ለማያንጸባርቅ ወረቀት የተሠራው ጥቁር፣ ማት ብላክ የሚባለው፣ በአንጸባራቂ ወረቀት ላይ ቢታተም አይጣበቅም፤ ጣት ሲነካው ይለቃል። ለአንጸባራቂ የተሠራው ፎቶ ብላክ ደግሞ በማት ወረቀት ላይ ጥቁረቱ ይዳከማል። ጥቁረትን በመለኪያ ለሚያውቁት፣ መልካም የማት ሥዕል 1.6 ወይም 1.7 ያህል ጽልመት ሲሰጥ፣ አንጸባራቂው ከ2.2 በላይ ይሄዳል። በቍጥር ማቱ ያነሰ ይመስላል፤ ግድግዳ ላይ በመስተዋት ውስጥ ሲሆን ግን ልዩነቱን የሚያስተውለው ጥቂት ሰው ነው፤ ከጥጥ የተሠራው ማት ወረቀት ደግሞ በፕላስቲክ ከተለበጠው ወረቀት ይልቅ እርጅናን ይችላል። ላሚኔሽን የምትሉት ፕላስቲክ ኦዞንን ስለሚከለክል ለዳይ ሥዕል ይጠቅመዋል፤ ለካርበን ግን የሚጨምርለት ዕድሜ ይህን ያህል አይደለም፣ የሚቀንስበት ግርማ ግን አለ።

ስለ አየራችን ባጭሩ ልናገር። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ በደጋ ፀሐይ ውስጥ ቀለም የሚያነጣው የማይታየው ብርሃን ከቆላው ይበረታል፤ የጮቄ ነፋስ ደግሞ በበጋ ወራት ደርቆ ይመጣልና ማተሚያው ሳይሠራ ሳምንት ከቆየ አፉ ይደርቃል። ስለዚህ ሥራ ባይኖርም በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ ትንሽ መሰላል አትሙ። ፒግመንት ከዳይ ይልቅ ስለሚዘቅጥ፣ ጠርሙሱን ከመቅዳት በፊት ቀስ ብላችሁ አገላብጡት፤ አትናጡት፣ አረፋ ይሆናል፣ አረፋም ወደ ቱቦ የገባ አየር ነው። በክረምት ደግሞ የታተመውን ሥዕል ሳይደርቅ በፍሬም አትዝጉበት፤ እርጥበቱ በመስተዋቱ ሥር ታፍኖ ሻጋታ ያመጣል።

መብራትም አለ። በሥራ መካከል መብራት ሲጠፋ የማተሚያው ራስ ወደ ማረፊያው ሳይመለስ በመካከል ቆሞ ይቀራል፤ ክዳኑን ሳያገኝ ሰዓታት ከቆየ የካርበኑ ቀለም በቀዳዳው ላይ ይደርቃል፤ ፒግመንት አንዴ ከደረቀ ደግሞ እንደ ዳይ በቀላሉ አይሟሟም። ኮምፒዩተሩን ለማዳን የሚገዛውን ባትሪ ለማተሚያውም ማድረግ፣ ወይም መብራት በሚመላለስበት ሰዓት ትልቅ ሥራ አለመጀመር፣ የዚህ አገር ባለሙያ ሊይዘው የሚገባ ሥርዓት ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ድካም ለማን ነው? ለመታወቂያ፣ ለፓስፖርትና ለትምህርት ቤት ፎርም የሚሆነውን ጉርድ ፎቶ በካርበን ማተም ገንዘብ ማባከን ነው፤ እንዲህ አድርጉ ብል እናንተንም ደንበኞቻችሁንም በደልሁ። የሠርጉ ፎቶም ኅብር ይፈልጋልና በኅብሩ ይሁን። የካርበኑ ሥራ ለተዝካሩ፣ ለአያቶች ሥዕል፣ ለቤተ ሰብ መዝገብ፣ ለአድባራቱ ዕቃ ቤት መታሰቢያ ነው፤ እነዚህ በቍጥር ከፊተኞቹ ሥራዎች ያነሱ ናቸው፣ ዋጋቸው ግን ሰው እንደ ገና ሊያስታትማቸው ዋናውን በማያገኝበት ቀን ይታወቃል። በነጋቲቭ ዘመን የጠፋ ሥዕል ከነጋቲቩ ይታተም ነበር፤ ዛሬ ስልኩ ሲሰረቅ ሥዕሉም አብሮ ይሄዳል፣ የታተመው ብቻ ይቀራል። ስለዚህ የሚቀረው ነገር የሚቆይ ቀለም ይኑረው፤ ግራጫው ከጥቁሩ ይውጣ፣ ጥቁሩም ጥላሸት ይሁን ብዬ ነበርና ደግሜ እለዋለሁ።

ቃሌን በመስማት ብቻ እንድትቀበሉኝ አልሻም። እያንዳንዳችሁ በፎቶ ቤታችሁ ያለውን ቀለም በዚያው በምትሸጡት ወረቀት ላይ አንድ የግራጫ መሰላል አድርጋችሁ አትሙ፤ ግማሹን በወፍራም ካርቶን ሸፍናችሁ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ ለጥፉት፤ የቀለሙን ስምና የለጠፋችሁበትን ቀን በጀርባው ጻፉበት። ካርበን ያገኘ ሰው ደግሞ የእርሱን በአጠገቡ ይለጥፍ። ከጥቂት ወራት በኋላ ካርቶኑን አንሡና የተሸፈነውን ካልተሸፈነው ጋር አስተያዩ፤ ያያችሁትንም ለደንበኞቻችሁ ሳትሸሽጉ ንገሯቸው፤ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመርጡም ለእነርሱ ተዉላቸው።